መልአክና ላኪ፦ ቃል ከምን ይሠራል?

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትወርዝ ድራይቭ ያለችው አጭር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ሊትል ኢትዮጵያ» ትባላለች። ሰሌዳው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው ስልኩ ጠርቶ «የት ነህ?» ሲባል ግን ብዙውን ጊዜ «ፌርፋክስ ነኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ወግ ሲያምረው ደግሞ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይላል።

«ሊትል ኢትዮጵያ» እና «ትንሿ ኢትዮጵያ» አንድ አይደሉም። የእንግሊዝኛው «ሊትል» መጠንን ይናገራል፤ ሲለጥቅም ቁልምጫ አለበት። በአማርኛው ውስጥ ግን «ሿ» የምትባል አንዲት ፊደል ሦስት ሥራ ይዛለች። የ«ትንሽ» መጨረሻ ናት፤ «የምናውቃት፣ ያቺው» የምትል ምልክት ናት፤ ሦስተኛም «ሴት ናት» ትላለች። አገርን በሴት አንቀጽ የመጥራት ልማዳችን፣ ከአገር ርቆ የተሰማው ናፍቆትና «ይቺ ሰፈር የእኛ ናት» የሚለው ኩራት ሁሉም በዚያች ፊደል ውስጥ ገብተዋል። ሰሌዳው ላይ ስለሌለች ከተማው አያውቃትም። ተናጋሪው ግን ሳያስብ ያወጣታል።

የጎዳናው ስምም ቢሆን ሲፈታ ሁለት ቁራጭ ይወጣዋል። ፌርፋክስ በመጀመሪያ የእንግሊዝ ቤተሰብ ስም ነው፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ውብ» እና «ፀጉር» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተገጥሞ «ፀጉረ መልካም» እንደ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ ጎዳና የሚያልፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን አያስበውም። ስፌቱ ስለጠፋ ቃሉ ድፍን ሆኖበታል። ቃላት እንዲህ ናቸው፤ ተገጣጥመው ይሠራሉ፣ ሲቆዩም መገጣጠሚያቸው ይደበዝዛል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መገጣጠሚያ ነው፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሆነ፣ በእኛ እንዴት እንደነበረ፣ ማን ስፌቱን እንዳየና ማን እንዳላየ፣ አለማየቱም ምን እንዳስከፈለን።

ዶቃና ሸማ

እንግሊዝኛ ቃል የሚሠራው በአብዛኛው ዶቃ እንደሚሰካ ነው። «ብሬክ» የሚል ግሥ ይወሰዳል። ከፊቱ «አን»፣ ከኋላው «ኤብል» ይሰካና «አንብሬከብል» ይሆናል። ሦስቱ ዶቃዎች ተለይተው ይታያሉ፤ አንዱ ተነሥቶ ሌላ ሊተካ ይችላል። ከፊት የሚሰካውን ሰዋስው አዋቂዎቻችን ቅድመ ቅጥያ፣ ከኋላ የሚሰካውን ድኅረ ቅጥያ ይሉታል። ትርጉም ያለው የመጨረሻው ትንሽ ቁራጭ ደግሞ ምዕላድ ይባላል። ቃሉን የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ከወጣበት ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተማሪ ያውቀዋል።

አማርኛም ዶቃ ይሰካል። «ቤቶቻችን» ብንል ቤት፣ ኦች፣ ኣችን ብሎ መቁጠር ይቻላል። የአማርኛ ዋና ጥበብ ግን ሽመና ነው። ስ፣ ብ፣ ር የሚሉ ሦስት ድምፆች ድር ሆነው ይወጠራሉ። አናባቢዎቹ እንደ ማግ በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ከዚያ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ስባሪ፣ ተሰበረ፣ ሰባበረ፣ መስበሪያ፣ ስብርብር ይወጣሉ። በ«ሰባሪ» እና በ«ስብራት» መካከል ያለውን ልዩነት በመቀስ ቆርጠን «ይኸው ቁራጩ» ማለት አንችልም፤ በጨርቁ ሁሉ ተበትኗል። ስለዚህ አማርኛን በእንግሊዝኛ መንገድ ከዳር ከዳሩ ቆርጦ ለማስተማር የሚሞክር ሰው ጥለቱን ያገኛል፣ ጨርቁን አያገኝም።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚመሳሰሉበትም ጉዳይ አለ። እንግሊዝኛ ከራሱ ቤት ቁራጮች ሌላ የጎረቤት ጎተራ አለው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ፣ በእሱም በኩል ላቲን፣ ቀጥሎም በሊቃውንት እጅ ግሪክኛ ገባ። ሕግ፣ ሕክምና፣ ሳይንስና ፍልስፍና የሚናገሩት በእነዚህ ቁራጮች ነው። የለንደን ገበሬ ልጅ «ባዮሎጂ» የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ «ባዮስ» ሕይወት መሆኑን ካልነገሩት በቀር፣ ለእሱም ባዕድ ነው። ለአማርኛ እንዲህ ያለው ጎተራ ግእዝ ነው። ግእዝ የአማርኛ እናት ነው ወይስ ታላቅ እኅት የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። ከባድ ቃል ስንፈልግ የምንሄደው ወደ እሱ መሆኑ ግን አያከራክርም።

ግስ ቤት

ቃልን መፍታት ለኢትዮጵያ ከፈረንጅ ትምህርት ቤት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ፣ እንጀራ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ እያለ ግስ ሲያወርድ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ ከአንድ ሥር ምን ምን እንደሚወጣ፣ የትኛው ግስ በየትኛው አርእስት ሥር እንደሚረባ። ቅኔው ራሱ የሚቆመው ቃል መፍታትና መግጠም ላይ ነው። አንድ ቃል ሳይነካ ሰም ይሆናል፤ ከመካከሉ ሲሰነጠቅ ወይም ጠብቆ ሲነበብ ወርቁ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር በቃል መገጣጠሚያ የሚጫወት ሰው ቀልደኛ ነው። በእኛ አገር ሊቅ ነበር።

አውሮፓ የእኛን ቃላት መፍታት የተማረችውም ከዚህ ቤት በወጣ ሰው እጅ ነው። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ የአምሐራውን ሰው አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ሦስት ዓመት ቆይቶ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ሄዱና አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1698፣ በፍራንክፈርት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም፤ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀርተዋል። ከአገር ወጥቶ ቋንቋውን ለባዕድ ሲያስረዳ፣ ሲያስረዳም ራሱ አዲስ ሆኖ ያየው ኢትዮጵያዊ የዛሬ ስደተኛ ብቻ አይደለም።

በአገር ቤት ደግሞ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን ሥራ ዕድሜያቸውን ሁሉ ለፉበት። የግእዙ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የታተመው ግን እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ነው፤ ለኅትመት ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ደስታም በተራቸው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት»ን በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሦስት ትውልድ የተቀባበለው ይህ ሥራ በአንድ እምነት ላይ ቆሟል። ቃል ብቻውን አይታወቅም፣ ዘመዶቹ ሲጠሩ ነው የሚታወቀው።

ከፌርፋክስ ጥቂት ማይል ርቆ

ወደ ሎስ አንጀለስ እንመለስ። ፌርፋክስ ላይ የበርበሬ ሽታ ከመሽተቱ ብዙ ዓመታት በፊት፣ ከዚያ በስተምዕራብ ጥቂት ማይል ርቆ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውስጥ፣ አንድ ሰው የኢትዮጵያን ቃላት ይፈታ ነበር። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1906 ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ፓሪስ ላይ የማርሴል ኮኸን ተማሪ ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ በእስረኞች ካምፕ ታጉሮ እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ አሜሪካ አመለጠ። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ አስተማረ። እሱም ስደተኛ ነበር፤ ቋንቋዎቻችንን ያጠናው ከራሱ አገር ተነቅሎ ነው።

ሥራዎቹ ብዙ ናቸው፤ ሁለቱ ብቻ ለጉዳያችን ይበቃሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላቱ ነው። በዚህ መጽሐፍ ቃል ብቻውን አይተረጎምም፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ነው የሚታየው። በዚያው ዓመት አምሳሉ አክሊሉ ከሞዝባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላትም አዲስ አበባ ላይ ታተመ። አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በሁለት አህጉር፣ ሁለት መጽሐፍ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር ማለት ነው። እንግሊዝኛው የገጣጠመውን አማርኛ በምን ይገጥመዋል?

ሁለተኛው የሌስላው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ነው። ቃላቱ በሥራቸው ተሰብስበው፣ ከአማርኛ፣ ከትግርኛ፣ ከጉራጌ፣ ከዐረብኛ፣ ከዕብራይስጥ ዘመዶቻቸው ጋር ይቆማሉ። እዚያ ውስጥ «ለአከ» የሚለውን ሥር የፈለገ ሰው የሚያገኘውን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ፤ ለዚህ ከተማ የተጻፈ ይመስላልና። ሌስላው መቶኛ ዓመቱን ካከበረ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በኅዳር 1999 ዓ.ም.፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ አረፈ።

ቃል በሰልፍ

አማርኛ በአንድ ጊዜ ብዙ ቃል ይሥራ የተባለው በ1960ዎቹ ነው። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1972 ተቋቋመ። ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ ሥራው ሰፋ። ነገር ግን አብዮቱ አካዳሚ አልጠበቀም። ተማሪው፣ ጋዜጠኛው፣ ካድሬው ማርክስን በእንግሊዝኛ ያነበበ ነበርና በማግስቱ በአማርኛ መናገር ነበረበት። ቃል በሰልፍ ላይ ተሠራ።

ከተሠሩት አንዳንዶቹ እጅግ ያማሩ ናቸው። «ርእዮተ ዓለም»ን እንውሰድ። ፈረንሳዊው ደስቱ ደ ትራሲ እ.ኤ.አ. በ1796 «ኢዲኦሎጂ» የሚለውን ቃል ሲሠራ ሁለት የግሪክ ቁራጭ ገጥሞ ነበር፤ የመጀመሪያው «ኢዲያ» ከማየት የመጣ ቃል ነው። የእኛዎቹ ደግሞ «ርእየ»፣ አየ፣ ከሚለው የግእዝ ሥር «ርእዮት»ን ወስደው፣ በመጨረሻው ፊደል ላይ የግእዙን የማዛመጃ ድምፅ ጨምረው፣ «ርእዮተ ዓለም»፣ የዓለም አተያይ፣ አሉት። የግሪኩም የእኛም ቃል ከማየት ተነሡ። «ዓለም አቀፍ»ም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም «ኢንተርናሽናል»ን ሲሠራ በብሔሮች «መካከል» ያለውን ማለቱ ነበር፤ አማርኛው ግን ዓለምን በክንድ አቅፎ ያዘው። ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው፣ የአማርኛው ሥዕል ግን የራሱ ነው።

«ሥነ» የምትለዋም ቁራጭ ጉዞዋ ያስገርማል። በግእዝ ሥን ውበት ነው፤ «ሠናይ» ዘመዱ ነው። «ሥነ ጽሑፍ» ማለት እንግዲህ የጽሑፍ ውበት ነው። ነገር ግን «ሥነ ሕይወት»፣ «ሥነ ልቦና»፣ «ሥነ ፈለክ»፣ «ሥነ ሕዝብ» እያልን ስንቀጥል ውበቱ ቀስ በቀስ ተረሳና ቁራጯ «የእገሌ ጥናት» ማለት ሆነች። በግሪኩም የሆነው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ «ቃል፣ ንግግር» የነበረው «ሎጎስ» ዛሬ «ሎጂ» ሆኖ የጥናት ጅራት ነው። ቁራጭ ብዙ ሲሠራ ይላላል፣ ሲላላም ለብዙ ይበቃል። በ1989 ዓ.ም. የወጣው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» የቆመው እንዲህ ባሉ ቁራጮች ላይ ነው።

ጨለማ ገጽም አለ። «ፀር» በግእዝ ጠላት ነው፤ «ፀረ» ሲሆን «የእገሌ ጠላት» ማለት ነው። ዛሬ ፀረ ተባይ፣ ፀረ ወባ ስንል ከእንግሊዝኛው «አንቲ» ጋር የሚተካከል የዋህ ቅጥያ ይመስላል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን «ፀረ አብዮት» እና «ፀረ ሕዝብ» የሚሉ ሁለት ጥምር ቃላት ሰው ደረት ላይ ተጽፈው ሬሳ መንገድ ላይ ይጣል ነበር። ማን ነው ፀሩ? የማን ፀር? ቃሉ ድፍን ሆኖ ስለመጣ ጥያቄው አልተጠየቀም። ግእዝ ያልተማረው ብዙው ሕዝብ ቃሉን እንደ ማኅተም ሰማው፤ የተማረውም ለመጠየቅ ፈራ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ። ሰው ሊፈታው የማይችለው ቃል በጉልበተኛ እጅ ዱላ ይሆናል።

የአደር ዘሮች

በዚያው ዘመን ከሕዝቡ ጓዳ የተወሰዱ ቁራጮችም ቃል ሆነዋል። እነዚህን ማንም ያለ አስተርጓሚ ይረዳቸዋል። ዋናው «አደረ» ነው።

አደረ ማለት ሌሊቱን አሳለፈ ነው። «እንደምን አደርክ» ብለን የምንጠይቀው ሌሊቱን በደኅና ማለፉን ነው። ግን ማደር ኑሮም ነው። ሰው አርሶ ያድራል፣ ነግዶ ያድራል፣ ለምኖም ያድራል። ከዚህ «አርሶ አደር» መጣ፤ ገባር፣ ጭሰኛ፣ ባላገር የሚሉት ስሞች ከነሸክማቸው ወደ ኋላ ቀሩና ሰው በሚሠራው ተጠራ። «አርብቶ አደር» ተከተለ። «ፕሮሌታሪያት» ለሚለው የላቲን ዝርያ ምን እንበለው ሲባል ደግሞ ጠብ ተነሣ። ኢሕአፓ «ላብ አደር» ሲል ተቀናቃኞቹ «ወዝ አደር» አሉ፤ ወዝ ሊግ የሚባል ድርጅትም ነበር። ላብና ወዝ ከአንድ ገላ የሚወጡ ናቸው። ግን በዚያ ዘመን የትኛውን እንደምትል የሰማ ሰው ወገንህን ያውቅ ነበር፤ ወገንህ ከታወቀም ሕይወትህ አደጋ ላይ ነው። በኋላ የመንግሥቱ ፓርቲ ጋዜጣ «ሠርቶ አደር» ተባለ።

ፖለቲከኞቹ ሲጣሉ ሕዝቡ ደግሞ የራሱን ሠራ፤ «ሆድ አደር»። ይህን ቃል የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። ለሆዱ ያደረ፣ ስለ እንጀራው እውነቱን የሸጠ። ወደ ኋላ ሄደን ደግሞ «ወታደር»ን ስናነሣ ብዙ ሰው «ወጥቶ አደር» ብሎ ይፈታዋል። እውነተኛው ምንጩ ያ ይሁን አይሁን፣ ተናጋሪው ቃሉን ከአደር ዘሮች ጋር ማስቀመጡ ራሱ ታሪክ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም «ሀምበርገር» ላይ ይህንኑ አድርገዋል። ቃሉ ከሀምቡርግ ከተማ ስም የመጣ ነው። ሰዎች ግን «ሀም» የአሳማ ሥጋ መሰላቸውና «በርገር»ን ለይተው አወጡ፤ ከዚያ ቺዝበርገር ተወለደ። በስሕተት የተቆረጠ ቁራጭም ልጅ ይወልዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምሽት ፌርፋክስ ላይ እራት ስንበላ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ «ወንድሜ፣ ምን ትሠራለህ?» አሉት። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ነበር። «ነድቶ አደር ነኝ፣ አባቴ» አለ። ገበታው ሁሉ ሳቀ። ታክሲ ወይም ኡበር መንዳቱን ማንም አልጠየቀም። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም፣ ሁሉም ግን ተረዳው። ሰሙ «በመንዳት የሚኖር» ነው። ወርቁ «ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረ» ነው። ያለ አካዳሚ፣ ያለ ኮሚቴ፣ ከቅኔ ቤት ባልወጣ ሰው አፍ፣ ከሁለት የጓዳ ቃላት አዲስ ቃል ተሠርቶ ሰምና ወርቁን ይዞ ገበታ ላይ ቀረበ። አባትየው ግን ከሁሉም ቀድመው ሳቃቸውን አቆሙና «አይዞህ ልጄ፣ ይነጋል» አሉት።

ባዕድ ቃል ሲቦካ

በዚህ ጎዳና የሚሰማው አማርኛ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። «ፓርክ አድርጌ መጣሁ»፣ «ቴክስት አድርግልኝ»፣ «ሺፍቴን ቀየሩብኝ»፣ «ቢሎቹ አናቴ ላይ ወጡ»። አዲስ አበባም ቢሆን «ሼር አድርጉ፣ ላይክ አድርጉ» ይላል። ይህን ሰምተው «አማርኛ ሞተ» የሚሉ አሉ። ታሪኩ እንዲህ አይፈርድም።

አማርኛ ባዕድ ቃልን እንደ ሊጥ ያቦካል። «ፊርማ» ጣልያንኛ ነው። አማርኛ ፍ፣ ር፣ ም የሚሉትን ድምፆች ነቅሎ ድር አደረጋቸውና ፈረመ፣ ፈራሚ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረሙ አለ። ዛሬ ሁለት መንግሥታት «ተፈራረሙ» ሲባል ጣልያን ትዝ የሚለው የለም። «ፋብሪካ»ም ጣልያንኛ ነው፤ «ፈበረከ» ግን የእኛ ነው። «ፍልስፍና» ከሁሉ ይብሳል። በግሪክኛ «ፍቅር» እና «ጥበብ» የሚሉ ሁለት ቃላት ነበሩ። ወደ እኛ ሲደርስ መገጣጠሚያው ቀለጠና ፈላስፋ፣ ተፈላሰፈ፣ አፈላሰፈ ሆነ። ስፌቱን ፈታን፣ ክሩን ወሰድን፣ በራሳችን ሸማ ሸመንነው።

«ፓርክ አደረግኩ» እንግዲህ ገና ያልቦካ ሊጥ ነው። «አደረገ» እና «አለ» ለእንግዳ ቃል የተከፈቱ በሮች ናቸው፤ እንግዳው መጀመሪያ በዚያ ይገባል። ከበረታ ይነቀልና ይሸመናል። «ቴክስት» ግን ችግር አለበት፤ ድምፆቹን ብንነቅል «ተከሰተ» ይወጣናል፣ እሱ ደግሞ የቆየ ቃል ነው። ምናልባት ለዘላለም «ቴክስት አደረገ» እንዳለ ይቀር ይሆናል።

መቡካቱ ግን እርሾ ይፈልጋል። እርሾው ተናጋሪው ነው፤ ሰባሪ፣ ስብራት፣ መስበሪያ የሚለውን ዘር በጆሮው የያዘ ሰው። ፌርፋክስ ላይ የሚያሳስበኝ እንግሊዝኛው መግባቱ ሳይሆን እርሾው ማለቁ ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ «ኩኪዎች» ሲል ይስቁበታል፤ አይገባም። ልጁ «ኦች» የምትባለውን የአማርኛ ቁራጭ ያውቃል፣ በራሱ ሥልጣንም ይሰካታል። የውጪው ዶቃ አለው። የሌለው የውስጡ ሽመና ነው። «ምግብ» ያውቃል። «መጋቢ»፣ «ተመጋቢ»፣ «መመገቢያ»፣ «አመጋገብ» ግን ለእሱ አራት የማይተዋወቁ እንግዶች ናቸው። አንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን የነገረው የለም።

ቅዳሜና እሑድ አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆችንና ቤተ ክርስቲያኖችን አመሰግናለሁ። ልጆቹ ፊደል ይቆጥራሉ፣ የቀለማትና የእንስሳት ስም ይሸመድዳሉ። የአሜሪካ ትምህርት ቤት ግን ለእነዚሁ ልጆች «አን» ማለት አይደለም፣ «ፕሪ» ማለት በፊት እያለ የእንግሊዝኛን ቁራጮች ያስረክባቸዋል። በእኛ በኩል ቃሉን ድፍን አድርገን ስንሰጥ፣ በዚያ በኩል ቁልፉን ይሰጧቸዋል። ልጅ ደግሞ የሚወደው ሊፈታ የሚችለውን ነው። «መክፈቻ የሚከፍት፣ መጥረጊያ የሚጠርግ» ብላችሁ ለአንድ ልጅ አሳዩትና የቴሌቪዥኑን ሪሞት ምን እንደሚለው ጠብቁ። «መቀየሪያ» ቢል አትገርሙ። መዝገበ ቃላት ሊለው የሚችለውን ነው ያለው።

ለአከ

አሁን ወደ ቀጠሮዬ። የዚህ ከተማ ስም ስፓንኛ ነው፤ «መላእክቱ» ማለት ነው። የስፓንኛው «አንኸል» እና የእንግሊዝኛው «ኤንጀል» ሁለቱም ከግሪኩ «አንጌሎስ» የመጡ ናቸው፤ ትርጉሙም መልእክተኛ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ይህ አይታየውም። በእሱ ጆሮ «ኤንጀል» ክንፍ እንጂ ደብዳቤ የለውም፤ «ሴንድ» ከሚለው ግሥም ጋር አይዘመድም።

በግእዝ «ለአከ» ላከ ነው። ከእሱ መልአክ ይወጣል፤ የተላከ። መልእክት ይወጣል፤ የሚላከው። በአማርኛ ላከ፣ ላኪ፣ ተላላኪ፣ መልእክተኛ፣ መላኪያ ሁሉም የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። ይህ ስፌት በአማርኛ ለሚያስተውል ሁሉ ክፍት ነው። መልአክና ላኪ ወንድማማች ናቸው።

ፌርፋክስ ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ ከተማው ስሙን ያገኘው አሁን ይመስለኛል። ወር ሲያልቅ ለእናቱ መድኃኒት፣ ለእኅቱ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለወንድሙ ልጅ ሠርግ የሚልክ ሰው የማይገኝበት ገበታ እዚህ ጥቂት ነው። ሌሊት ነድቶ አድሮ ጠዋት ገንዘብ መላኪያው ደጃፍ የሚቆም ሰው በእንግሊዝኛ ነዋሪ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ደንበኛ ነው። ቃሉን መፍታት ለሚችል አማርኛ ተናጋሪ ግን ሌላ ነገር ነው። በመላእክት ከተማ የሚኖር ላኪ ነው።

ይህን ለልጁ ሊነግረው ይችላል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ የከተማውን ስም መንገድ ላይ ሲያነብ «ታውቃለህ፣ ይህ ስም በእኛ ቋንቋ ከምን እንደሚሠራ?» ብሎ መጀመር ይበቃል።